የፑንታ አሬናስ መንገድ መርከብ ነው

ቺሌ የምትባለው ቀጭንና ረጅም አገር በስተ ደቡብ በኩል በምታበቃበት፣ በማጀላን የባሕር ሰርጥ ዳርቻ፣ ፑንታ አሬናስ የምትባል የወደብ ከተማ አለች። ነዋሪዎቿ ከ120 ሺህ ይበልጣሉ፤ ዩኒቨርሲቲም፣ ሆስፒታልም፣ የባሕር ኃይል ሰፈርም አላት። ይሁን እንጂ ከዚህች ከተማ ተነሥቶ፣ የአገሩን መሬት ሳይለቅ፣ በመኪና ብቻ ሳንቲያጎ ለመድረስ የሚችል ቺሌያዊ የለም። ተራራው፣ የበረዶው ሜዳና ወደ የብስ ዘልቆ የገባው ባሕር መንገዱን ቈርጠውታልና፣ ባለመኪናው ወይ በአርጀንቲና ምድር ዞሮ መምጣት፣ ወይ መኪናውን በመርከብ ላይ መጫን ግድ ይሆንበታል። ከፑዌርቶ ሞንት እስከ ፑንታ አሬናስ በጎረቤት አገር በኩል የሚደረገው ጉዞ ከ2000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። አውሮፕላን በእርግጥ አለ፤ ከሳንቲያጎ ተነሥቶ በሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ያደርሳል። ነገር ግን የቺሌ መንግሥት ለደቡብ ወገኖቹ በቅድሚያ ሊያደላድልላቸው የሚገባው መንገድ የመርከቡ መንገድ ነው እላለሁ።

የአሳቡ ሥር በታሪኩ ውስጥ ይገኛል (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ማጀላን ለእስፓኝ ንጉሥ አድሮ በአምስት መርከብ ከተነሣ በኋላ፣ በ1520 ወደ ሰርጡ ሲደርስ አንዲቱ አስቀድማ ተሰብራ ነበር፤ ሁለተኛይቱም በሰርጡ ውስጥ ከድታው ተመለሰች፤ በወዲያኛው ውቅያኖስ ብቅ ያሉት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ዘመኑ በምዕራባውያን ዘንድ የቅዱሳን ሁሉ በዓል የሚከበርበት ሰሞን ስለ ነበረ ሰርጡን በቅዱሳን ሁሉ ስም ሰየመው፤ ኋላ ግን የራሱ ስም ጸናበት። ከእርሱ ወዲህ ከስድሳ ዓመት በላይ ቈይቶ፣ በ1584፣ ፔድሮ ሳርሚየንቶ ዴ ጋምቦዋ የሚባል የእስፓኝ መኰንን፣ ከዛሬይቱ ፑንታ አሬናስ ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በንጉሥ ፊልጶስ ስም ከተማ ቈረቈረ። ከዚያም ሰዎቹን በቦታው ትቶ ለስንቅና ለርዳታ ቢሄድ፣ በአንድ ወገን ማዕበሉ፣ በሌላ ወገን በባሕር ላይ የማረኩት እንግሊዞች እንዳይመለስ ከለከሉት፤ የተጠበቀው መርከብም ሳይመጣ ቀረ። በ1587 ቶማስ ካቨንዲሽ የተባለ እንግሊዛዊ በዚያ ሲያልፍ ያገኘው በረኃብ ያለቀ ሕዝብ ሬሳና በጣት የሚቈጠሩ ነፍሳትን ነበር፤ ስለዚህ ቦታውን የረኃብ ወደብ አለው። ያን ሕዝብ ከብርዱ ይልቅ የገደለው የመርከቡ መቅረት ነው።

ቺሌ ራሷም ወደዚህ ምድር የመጣችው በባሕር ነው። በ1843 አንኩድ የተባለች፣ በቺሎዌ ደሴት የተሠራች ትንሽ መርከብ፣ ከሰሜን ተነሥታ አራት ወር በማዕበል ስትንገላታ ቈይታ ሰርጡ ዘንድ ደረሰች፤ ሰዎቿም በረኃብ ወደብ አጠገብ ፉዌርቴ ቡልኔስ የሚባለውን ምሽግ ሠሩ። ቦታው ለእርሻም ለከብትም ባለመመቸቱ በ1848 ሰፈሩ ወደ ሰሜን ተዛውሮ ፑንታ አሬናስ ተቈረቈረች። ከዚያ በኋላ በእንፋሎት የሚሄዱት መርከቦች ከአትላንቲክ ወደ ፓስፊክ ሲመላለሱ በእርሷ በኩል ማለፍ ስለ ነበረባቸው ከተማይቱ ከበረች፤ የበግ ጠጕርም የባለጸጎቿን አዳራሾች አቆመ። ያ ብልጽግና የቀደሙትን የምድሩን ባለቤቶች፣ የሴልክናምን ሕዝብ፣ ከርስታቸው ነቅሎ ያጠፋ መሆኑን ሳያስቡ አዳራሾቹን ብቻ ማድነቅ ግፍ ይመስለኛል። በ1914 የፓናማ ቦይ ሲከፈት ግን መርከቦቹ አዲሱን መንገድ ያዙ፤ የወደቡም ገበያ ቀዘቀዘ። ቢሆንም ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በደቡብ ዋልታ በር በዝሆን ደሴት ላይ ተጥለው የነበሩትን 22 የአሳሹ የሻክልተን ጓደኞች ለማዳን የቻለችው፣ ሉዊስ ፓርዶ የመራት የልቾ የተባለችው መርከብ፣ የተነሣችው ከዚሁ ከፑንታ አሬናስ ነው።

የጎረቤት መንገድ ይበቃል የሚሉ ሰዎች የ1978ን ዓመት ሊያስታውሱ ይገባል። በዚያ ዓመት መጨረሻ ቺሌና አርጀንቲና በቢግል ቦይ ደሴቶች ምክንያት ጦራቸውን አሰልፈው ለመዋጋት ጥቂት ሲቀራቸው፣ የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ካርዲናል አንቶኒዮ ሳሞሬን ለዕርቅ ላኩ። ካርዲናሉ የዕርቁን ፍጻሜ ሳያዩ በ1983 ዐረፉ፤ የሰላሙ ውል የተፈረመው በ1984 ነው። ዛሬ ከደቡብ ቺሌ ወደ አርጀንቲና የሚያሻግረው የተራራ በር በእኒሁ አስታራቂ ስም ይጠራል፤ ወደ ፑንታ አሬናስ በመኪና የሚሄደው ቺሌያዊም ብዙውን ጊዜ የሚያልፈው በዚሁ በካርዲናል ሳሞሬ በር ነው። ዕርቁ የተመሰገነ ነው፤ የራስን ወገን ለመጠየቅ በሰው አገር የኬላ ሹም ፊት ወረቀት ማሳየት ግን የዜግነትን ክብር ይነካል። በ2020 ወረርሽኙ በመጣ ጊዜ አርጀንቲና ድንበሯን ለባዕድ መንገደኛ ስትዘጋ ይህ ጉድለት እንደ ገና ተገለጠ። ዕቃችን በጂቡቲ በር የሚገባልን እኛ ኢትዮጵያውያን፣ የሌላውን በር ማንኳኳት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው እንዲነግረን ሌላ ሰው አያሻንም።

እንግዲያስ የራስ መንገድ ይጠረግ የሚል መልስ ይመጣል። ቺሌም ይህን ከ1976 ጀምራ ሞክራለች፤ የደቡብ አውራ ጎዳና የሚሉት መንገድ ከፑዌርቶ ሞንት ተነሥቶ 1240 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በመካከሉ በጀልባ መሻገርን የሚጠይቁ ቦታዎች አሉት፤ ቪላ ኦሂጊንስ ሲደርስም ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋ የበረዶ ሜዳና በገደል የታጠረ ባሕር ነው። ያን ምድር በድልድይና በዋሻ አስገብራለሁ የሚል መንግሥት ገንዘቡንም ዘመኑንም ይጨርሳል፤ ባሕሩ ግን ማንም ሳይጠርገው ተዘርግቶ ይገኛል።

መርከቦቹም አሉ። ከፑዌርቶ ሞንት የሚነሣው የጭነትና የመንገደኛ መርከብ፣ ማዕበሉ የታወቀውን የፔናስን ባሕረ ሰላጤ አልፎ፣ አራት ቀን ያህል ተጉዞ ፑዌርቶ ናታሌስ ይደርሳል፤ ከዚያ እስከ ፑንታ አሬናስ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ጥሩ መንገድ ነው። በመንግሥት ድጎማ የሚሠራው ሌላው መርከብ ደግሞ ከአውራ ጎዳናው መጨረሻ አካባቢ፣ ከፑዌርቶ ዩንጋይ፣ ተነሥቶ ሁለት ቀን ገደማ ይጓዛል፤ ሌላ መንገድ የሌላቸውን የፑዌርቶ ኤዴንን ጥቂት ነዋሪዎችም ይጎበኛል። ይህ ሁለተኛው ምሳሌ የሚሆን ሥራ ነው፤ ጉድለቱ በሳምንት ውስጥ ያለው ጉዞ ማነሱ ነው። ቀርፋፋ ነው፣ ነፋስም ያዘገየዋል ለሚሉት፣ ነፋሱ አውሮፕላኑንም እንደሚያስቀር፣ አንድ ቤተሰብ ከነዕቃውና ከነመኪናው በአውሮፕላን እንደማይጫን ማስታወስ ይበቃል።

ወደ ከተማይቱ የገባ መንገደኛ በውስጧ ለመዘዋወር አይቸገርም። ጐዳናዎቿ በሥርዓት የተቈራረጡ ስለ ሆኑ እግር ይበቃል፤ ለሚደክመው ኮሌክቲቮ የሚባሉ፣ ቍጥር የተለጠፈባቸውና እንደ አዲስ አበባ ታክሲዎች በተወሰነ መስመር መንገደኛ የሚያሳፍሩ ትንንሽ መኪናዎች አሉ። በጸደይና በበጋ ነፋሱ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነፍስ፣ እግረኛ እንዲይዘው በመካከለኛው ከተማ ገመድ ይዘረጋል፤ ቀልድ የሚመስለው ሰው ሄዶ ይሞክረው። የመስቀል ኮረብታ በሚሉት ከፍታ ላይ የቆመ ሰው ቀለም የተቀቡትን የቆርቆሮ ጣራዎች፣ ሰርጡን፣ በማዶም የእሳት ምድር የሚሏትን ታላቅ ደሴት ያያል። ከመሐል ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ከሚገኘው ከትሬስ ፑዌንቴስ ወደብ ወደ ፖርቬኒር የሚሻገረው መርከብም፣ ባሕሩ ከፈቀደ፣ ከሁለት ሰዓት ብዙም የማይበልጥ ጊዜ ይወስዳል። አብዛኛው ጐብኚ ግን ከአውሮፕላን ወርዶ በቀጥታ ወደ ቶሬስ ዴል ፓይኔ ተራሮች ይጣደፋል፤ ከተማይቱንም ሳያያት ያልፋል።

የእኛ አየር መንገድ እስከ ቡዌኖስ አይሬስ ስለሚበር፣ ወደዚያ ማዶ ለመሄድ ያሰበ አንባቢ ቢኖር፣ የመጨረሻውን ክፍል በመርከብ ያድርገው፤ በመርሐ ግብሩም ላይ ለነፋሱ ሁለት ትርፍ ቀን ይተውለት። ለሳንቲያጎ ሹማምንት የምለው ግን ሌላ ነው፤ ለዩንጋይ መርከብ የሚሰጠውን ድጎማ ለፑዌርቶ ሞንቱም ጉዞ ያድርጉት፣ የጉዞውንም ቍጥር ያብዙት፣ የደቡብ ሰው ወደ አገሩ መሐል ለመምጣት የሚከፍለውም ዋጋ ድሀው ሊችለው የሚገባ ይሁን።