ተራ ወታደርነት በስደት ሚዛን፦ ዝቅተኛ ማዕረግ ምን ይጠቅማል፣ ምን ይጎዳል?

በካምፖቻችን ውስጥ ቀድሞ መለዮ ለብሶ የነበረ ሰው ጥቂት አይደለም። አንዱ ከመከላከያ ሠራዊት፣ ሌላው ከክልል ልዩ ኃይል ነው የወጣው። ሳዋን አልፈው ከኤርትራ የመጡ፣ አማርኛ የሚናገሩ ወንድሞችና እህቶችም አሉ። አብዛኞቹ ግን አዛዥ አልነበሩም። ተራ ወታደር፣ ምክትል አስር አለቃ፣ አስር አለቃ፣ ቢበዛ ሃምሳ አለቃ ነበሩ።

የኢንተርቪው ቀን ሲቃረብ እነዚህ ሰዎች ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማሉ። አንዱ «ወታደር ነበርኩ እንዳትል፣ ወዲያው ሪጀክት ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ማዕረግህን ከፍ አድርገው፣ ተራ ወታደርን ማን ይፈልገዋል ይሉሃል» ይላል። ሁለቱም ኬዝ የሚያበላሹ ምክሮች ናቸው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ዝቅተኛ ማዕረግ በስደተኞች ሕግ ዓይን እንዴት እንደሚታይ ለይተን እንይ።

ከራሳችን ታሪክ

በጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና የነበሩ ወታደሮችና ባለሌላ ማዕረግተኞች በምግብና በውኃ ችግር ተማረው አመፁ፤ መኮንኖቻቸውንም አሰሩ። ሊያነጋግራቸው የተላከውን ጄኔራል ሳይቀር ይዘው እነሱ የሚበሉትንና የሚጠጡትን አቀመሱት። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የተቋቋመው ደርግ አባላቱ ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ነበሩ። ትናንት በአስር አለቃው የሚታዘዝ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ በሰው ሕይወትና ሞት ላይ ድምፅ የሚሰጥ ሆነ። ማዕረግና ሥልጣን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም ማለት ነው። ጠያቂው «ተራ ወታደር ነበርኩ» የሚለውን ሰምቶ ብቻ ፋይል የማይዘጋው ለዚህ ነው።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ያ ግዙፍ ሠራዊት ተበተነ። ከፍተኛ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ታስረው ጉዳያቸው በልዩ ዐቃቤ ሕግ ሲታይ፣ አብዛኛው ተራ ወታደር በየካምፑ ቆይቶ ወደ ቤቱ ተሸኘ። እዚህ ላይ ዝቅተኛ ማዕረግ ጠቀመ። ከዚያ ቀደም ብለው ወደ ሱዳንና ወደ ኬንያ የተሰደዱት ግን ሌላ ዕጣ ገጠማቸው። ዩኤንኤችሲአር ከ1991 እ.ኤ.አ. በፊት ለተሰደዱ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የስደተኝነት ዕውቅና ከመጋቢት 2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲያበቃ ወሰነ። ምክንያቱ ያሰደዳቸው መንግሥት ወድቋል የሚል ነበር። አሁንም ስጋት አለብኝ የሚል ሰው ጉዳዩ በግል እንዲታይለት ማመልከት ይችል ነበር። «እኔን በስም የሚፈልገኝ አለ» ብሎ ማስረዳት ግን ስሙ ለታወቀ መኮንን ይቀላል። ስሙን ከጓዶቹ በቀር ማንም ለማያውቀው ወታደር ይከብዳል።

የሚጠቅመው

የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 1 ፊደል ኤፍ የጦር ወንጀል፣ በሰብዓዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ወይም ከባድ ፖለቲካዊ ያልሆነ ወንጀል ፈጽሟል ተብሎ በቂ ምክንያት የተገኘበትን ሰው ከስደተኝነት ጥበቃ ያስወጣል። ይህ ድንጋጌ ግን የሚመለከተው የግል ተጠያቂነትን ነው። በአንድ ሠራዊት ውስጥ አባል መሆን ብቻውን ወንጀለኛ አያደርግም። አዛዥ ከሆንክ የበታቾችህ ስላደረጉት ጭምር ትጠየቃለህ፦ ታውቅ ነበር ወይ? ማወቅ ይገባህ ነበር ወይ? ለምን አላስቆምክም? ተራ ወታደር ከዚህ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ነፃ ነው። የሚጠየቀው እሱ ራሱ ስላደረገው ወይም እያወቀ ስለተባበረበት ነገር ነው።

በግዳጅ የተመለመለ ሰውም ይህን መናገር አለበት። ከ18 ዓመት በታች ሆኖ የገባ ከሆነ ደግሞ ዕድሜውን አይቀይር። «ትንሽ ነበርኩ ካልኩ አያምኑኝም» ብሎ ዓመት መጨመር፣ ሕጉ ለልጆች ያዘጋጀውን ልዩ ጥበቃ በገዛ እጅ መጣል ነው።

የሚጎዳው

አንደኛው ችግር «ታዝዤ ነው» የሚለው መልስ ብቻውን አለማዳኑ ነው። ከኑረምበርግ ችሎት ጀምሮ ሕጉ እንዲህ ነው። የታዘዝከው ግልጽ ወንጀል ከሆነ፣ ለምሳሌ እጁን የሰጠ ሰው መግደል፣ ትዕዛዙ ከላይ መምጣቱ አያነጻህም። እምቢ ብትል ወዲያው ትገደል እንደነበርና መውጫ እንዳልነበረህ ማስረዳት ግን ይቻላል። ይህ ሌላ መከላከያ ስለሆነ በዝርዝር መነገር አለበት።

ሁለተኛው፣ ትዕዛዙ የሚፈጸመው በታችኛው ሰው እጅ መሆኑ ነው። ኮሎኔሉ ካርታ ላይ ያመለክታል፤ ኬላ ላይ የሚቆመው፣ እስረኛ የሚጠብቀው፣ ቤት የሚፈትሸው ወታደሩ ነው። ስለዚህ ጠያቂው ከማዕረጉ ይልቅ የሥራ ድርሻውን ይከታተላል። ሾፌር፣ ወጥ ቤት ወይም ሬድዮ ኦፕሬተር የነበረ ሰው ሥራውን በግልጽ ቢናገር ብዙ ጥያቄ ይቀልለታል። እስር ቤት ጠባቂ የነበረ ግን ጠንካራ ጥያቄ ይጠብቀዋል።

ሦስተኛው ማስረጃ ነው። መኮንን የሹመት ደብዳቤ ወይም በጋዜጣ የወጣ ፎቶ ሊኖረው ይችላል። ጠፍቶ የወጣ ተራ ወታደር መታወቂያውን ጭምር ጥሎ ነው የሚወጣው። በዚያ ላይ ከሠራዊት በመጥፋት መቀጣት ብቻውን ሁልጊዜ እንደ ስደት ምክንያት አይቆጠርም። ቅጣቱ ከመጠን ያለፈ ወይም ያለ ፍርድ መሆኑን፣ ወይም በብሔር፣ በሃይማኖት ወይም በፖለቲካ አመለካከት ምክንያት መሆኑን ማሳየት ያስፈልጋል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የካቲት 2021 እ.ኤ.አ. ጁባ ላይ የሆነው ነው። ከደቡብ ሱዳን የሰላም ማስከበር ግዳጅ ወደ ኢትዮጵያ ሊመለሱ ከነበሩት ወታደሮች መካከል 15ቱ አውሮፕላን አንሳፈርም ብለው ቀሩ። በወቅቱ እንደተዘገበው የትግራይ ተወላጆች ነበሩ፤ ጦርነቱም ገና በወራት የሚቆጠር ነበር። ለስጋታቸው መነሻ የሆነው ማንነታቸው እንጂ ትከሻቸው ላይ ያለው ምልክት አልነበረም።

በኢንተርቪው ላይ

ማዕረግን ዝቅም ከፍም ማድረግ ተመሳሳይ አደጋ አለው። ሃምሳ አለቃ ነበርኩ ያለ ሰው «ስንት ሰው ታዝ ነበር? እነሱ ምን አደረጉ?» ይባላል፤ ያልነበረበትን ተጠያቂነት ራሱ ተሸክሞ ይገባል። ወታደርነቱን የደበቀ ደግሞ የባለቤቱ ቃል፣ የድሮ ፎቶ ወይም የፌስቡክ ገጽ ሲያጋልጠው ሌላውም ታሪኩ ሁሉ ውሸት ይመስላል።

ከቀጠሮ በፊት እነዚህን አስታውሱ፦ የት ሠለጠናችሁ? የትኛው ክፍለ ጦር ነበራችሁ? አዛዣችሁ ማን ነበር? የዕለት ሥራችሁ ምን ነበር? መቼና እንዴት ወጣችሁ? ቀኑን በትክክል ካላስታወሳችሁ «ክረምት ገብቶ ነበር» ማለት የፈጠራ ቀን ከመናገር ይሻላል። አስተርጓሚው «ጓድ» እና «ክፍለ ጦር»ን ካደባለቀ ወዲያው አስቆሙት። አስር ሰው ገደማ የሚይዝ ክፍልና በሺዎች የሚቆጠር ሠራዊት አንድ አይደሉም። ከባድ ነገር አይታችሁ ወይም አድርጋችሁ ከሆነ ከኢንተርቪው በፊት ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡትን ጠይቁ። ውድቅ ከተደረጋችሁም ደብዳቤው ላይ ያለውን የይግባኝ ቀን ሳታሳልፉ ተመለሱላቸው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ጥገኝነት የሲቪል ነው። ታጣቂ ስደተኛ ሊሆን አይችልም፤ ትጥቁን ፈትቶ ውትድርናን ለዘለቄታው መተዉ ከተረጋገጠ በኋላ ነው ጥያቄው የሚታየው። የ1969ኙ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነትም ስደተኛ ከተጠለለበት አገር ሆኖ ሌላ አባል አገርን እንዲያውክ አይፈቅድም። በካምፕ ተቀምጦ የመለዮ ፎቶ ቲክቶክ ላይ እየለጠፉ «ትግሉ ይቀጥላል» ማለት ለላይክ ሲባል ፋይልን ማቃጠል ነው።

ሕጉ ለምን እንዲህ ይጠብቃል ለሚል፣ ውኃ የምንቀዳበትን ሰልፍ ይመልከት። እዚያ ሰልፍ ላይ ወታደር የነበረም፣ ወታደር ቤቱን ያቃጠለበትም አብረው ይቆማሉ። የመጀመሪያው «እኔ ተራ ወታደር ነበርኩ» ሲል የሁለተኛው ጥያቄ «እሺ፣ አንተ ያን ቀን ምን አደረግህ?» ነው። የጠያቂውም ጥያቄ ይኸው ነው። እጁ ንጹሕ የሆነ ወታደር ይህን ጥያቄ ሊፈራው አይገባም፤ ሊዘጋጅበት ነው የሚገባው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ።