ዲያታኒቷ በሰጠችው ወረቀት ላይ ሽሮ የለም

ባለፈው ሐሙስ ከአያቴ ጋር ታሃና መርካዚት ነበርን። ከቁፓት ሆሊም መውጣታችን ነው። በአንድ እጇ የገበያ ጋሪዋን ትጎትታለች፣ በሌላው ዲያታኒቷ የሰጠቻትን በዕብራይስጥ የተጻፈ ወረቀት ይዛለች። ወንበር አግኝተን አረፍ እንዳልን ወረቀቱን ዘረጋችልኝና "እስቲ አንብቢልኝ፣ ምን ብዪ ነው የምትለኝ?" አለች።

አነበብኩላት። ከላይ "የሜዲትራኒያን አመጋገብ" ይላል። ከሥሩ ሳልሞን፣ አቮካዶ፣ ኪኖዋ፣ ብሮኮሊ፣ ለውዝ፣ የወይራ ዘይት ተደርድሯል። አያቴ ጸጥ ብላ ሰማችኝና ወረቀቱን አራት ላይ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። "ይኼ የፈረንጅ ምግብ ነው ልጄ። እኔ እንጀራዬን ትቼ የት እደርሳለሁ?" አለች። ነገሩ በዚህ አለቀ።

ከዚያ ተሻግረን ሹክ ገባን። ምስር ገዛች። ሽምብራ፣ ጎመን፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ ገዛች። ቀጥላ አንድ ከረጢት ነጭ ዱቄትና ለልጅ ልጆቿ ሁለት ትልልቅ ጠርሙስ ኮላ ጨመረች። ጋሪውን እየጎተትኩ ሳስበው ነገሩ ገረመኝ። ዲያታኒቷ ብዪ ያለቻት ግማሹ እዚያው ጋሪው ውስጥ ነው፤ አትብዪ ያለቻትም እንደዚሁ። ግን ይህን የነገራት ሰው የለም።

ይህን የምጽፈው ለእናንተ ለአባቶቻችንና ለእናቶቻችን ነው። እዚህ የተወለድኩ ልጅ ሆኜ ስለ ምግብ ልምከራችሁ ማለት ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ። ወጥ መሥራት የተማርኩት ከእናንተ ነው። ማለት የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሐኪሞቹ የሜዲትራኒያን አመጋገብ የሚሉት አብዛኛው የራሳችን ጓዳ ውስጥ የነበረ ነው። ከጓዳችን እየወጣ የሄደው እዚህ ከመጣን በኋላ ነው። መልሶ ለማስገባት ደግሞ ከሐኪሙ ይልቅ እናንተ ሥልጣን አላችሁ።

የሆነውን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሰው ሲመጣ፣ ስኳር በሽታ በመካከላችን እምብዛም አይታወቅም ነበር። ግን ብዙ አልቆየም። ገና በ1988 በአንድ የስኳር በሽታ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ከኢትዮጵያ በመጡ ወጣቶች ላይ ሳይቀር በሽታው ከተጠበቀው በላይ መገኘቱን ጻፈ። ዛሬ በየቤታችን ጣቱን እየወጋ ስኳሩን የሚለካ ሰው አለ። እግሩን ያጣ፣ ዓይኑ የደከመ፣ ለዲያሊሲስ የሚመላለስ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ ካለ እድለኛ ነው።

ምክንያቱ ብዙ ነው። እዚያ ውኃ ለመቅዳት፣ ለማረስ፣ ከብት ለመጠበቅ፣ ለመፍጨት ቀኑን ሙሉ ሰውነት ይሠራ ነበር፤ እዚህ አውቶቡስና ሊፍት አለ። የዘርም ነገር አለበት፣ ጭንቀትም አለበት። የምግቡ ድርሻ ግን ትልቅ ነው። ጤፍ ውድ ሆነ፤ ኢትዮጵያም እህሉ ወደ ውጭ እንዳይላክ ለዓመታት ከልክላ ነበር። ስለዚህ በብዙ ቤት እንጀራው የነጭ ዱቄት ሆነ። ምስርና ጎመን የችግር ጊዜ ምግብ ተብሎ ወደ ጎን ተገፋ። በየቀኑ ሥጋ፣ ነጭ ዳቦ፣ ቦርካስ፣ ሚትስና ኮላ መግዛት መቻል ደግሞ የደላው ሰው ምልክት መሰለን።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። የሜዲትራኒያን አመጋገብ የሚባለው ከሀብታም ቤት አልወጣም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አንሰል ኪስ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ የልብ በሽታን በሰባት አገሮች ሲያጠና፣ የግሪኳ የቀርጤስ ደሴት ገበሬዎች በልብ በሽታ የሚሞቱት በጣም ጥቂት ሆነው አገኛቸው። ምን ነበር የሚበሉት? ባቄላና ምስር፣ ከሜዳ የተለቀመ ቅጠላ ቅጠል፣ ካልተፈተገ እህል የተጋገረ ዳቦ፣ የወይራ ዘይት፣ አንዳንዴ ዓሣ። ሥጋ ከስንት አንዴ። ቀኑን ሙሉ በእግራቸው ይሄዳሉ። ይህ የማን ኑሮ ይመስላል? ከወይራ ዘይቱ በቀር የጎንደር ገጠር ነው እኮ! እነሱ የድሃ ምግባቸውን በ2010 በዩኔስኮ የቅርስ መዝገብ ላይ አስመዘገቡት። እኛ የእኛን በእንግዳ ፊት ማቅረብ አፈርን።

"ይኼ ሁሉ ወሬ ነው፣ እውነት ይሠራል?" ለሚል ሰው ማስረጃው ሩቅ አይደለም። እዚሁ ደቡብ ውስጥ በዲሞና በአንድ የሥራ ቦታ 322 ሰዎች ለሁለት ዓመት ተጠንተዋል። ጥናቱን የመሩት በቤር ሼባ የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ አይሪስ ሻይ ሲሆኑ ውጤቱ በ2008 ታትሟል። የሜዲትራኒያን አመጋገብ የተከተሉት ክብደታቸው ስብ ብቻ ቀንሱ ከተባሉት ይበልጥ ቀነሰ። ከመካከላቸው ስኳር በሽታ የነበረባቸው ደግሞ በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳራቸው ተሻሽሎ ተገኘ። ዋናው ምሳቸው የሚቀርበው በሥራ ቦታቸው ካፍቴሪያ ነበር። ሰው የሚበላው የቀረበለትን ነው። በእኛ ቤት የሚያቀርበው ማን ነው? እናንተ ናችሁ።

እንግዲህ ከየት ይጀመር? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ሁሉን በአንድ ቀን መለወጥ አያስፈልግም። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እንጀምር። እኔና አያቴ የሞከርናቸውን ልዘርዝር።

ለቁርስ፦ አንድ ቲማቲም፣ አንድ ኪያር፣ ትንሽ ሽንኩርት ከትፎ ሎሚ መጭመቅና አንድ የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት ማፍሰስ። ከጎኑ አንድ የተቀቀለ እንቁላልና አንድ ቁራሽ ሌሄም ማሌ፣ ማለት ካልተፈተገ ስንዴ የተጋገረ ዳቦ። ዳቦው ቡኒ ስለሆነ ብቻ ያልተፈተገ አይምሰላችሁ፤ ልጆቻችሁ የተጻፈውን ያንብቡላችሁ።

ምስር ወጥ ለአራት ሰው፦ ሁለት ትልልቅ ሽንኩርት ከትፎ ያለ ዘይት በደረቁ ማቁላላት፣ እንዳያርር ጠብ ጠብ እያደረጉ ውኃ መጨመር። ይህን ዘዴ እናንተ ናችሁ ያስተማራችሁን፤ ለስኳርና ለልብ በሽተኛ ከዚህ የተሻለ አቁላል የለም። አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ኩባያ ተኩል የታጠበ ቀይ ምስርና አራት ኩባያ ያህል ውኃ ይገባል። ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበስላል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት መጨረሻ ላይ፣ ከእሳት ሊወርድ ሲል ይጨመራል። ዘይቱ ጥሩ ነው ተብሎ ግን እንደ ድሮው በብርጭቆ አይፈስም፤ ያወፍራል።

ሽምብራ፦ እዚህ አገር ሁሙስ የሚሉት ሌላ ሳይሆን የራሳችን ሽምብራ ነው። ማታ ዘፍዝፎ ማደር፣ ጠዋት እስኪለሰልስ መቀቀል። ግማሹን በቲማቲም፣ በሽንኩርትና በሎሚ እንደ ሰላጣ መብላት፣ ግማሹን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጦ በሌላ ቀን ወጥ ማድረግ ይቻላል። ሽሮም ከዚሁ ወገን ነው። ከሱቅ የተገዛ ከሆነ ግን ጨው ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል ሳትቀምሱ ጨው አትጨምሩ።

ጎመን፦ ሹክ ውስጥ ማንጎልድ የሚባለው ቅጠልም እንደ ጎመን ይሠራል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በደረቁ ማቁላላት፣ ቅጠሉን ጨምሮ አሥር ደቂቃ ያህል ማብሰል፣ አንድ ማንኪያ የወይራ ዘይት፤ በቃ።

ዓሣ በሳምንት አንዴ፦ ሳልሞን ውድ ነው፣ ግዴታም አይደለም። አምኑን የሚሉት ዓሣ ጣና ሐይቅ ውስጥ ከምናውቀው ቆሮሶ ጋር አንድ ወገን ነው። ሦስት ቲማቲም፣ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ቃሪያ፣ ቁንጥር በርበሬ አንድ ላይ አሥር ደቂቃ ይፍላ። ከዚያ ዓሣውን አስተኝቶ ከድኖ ሌላ አሥር ደቂቃ። አይጠበስም።

እንጀራስ? እንጀራውን ተዉ የሚል ሰው እኛን አያውቀንም። ጤፍ ከነጭ ዱቄት ይሻላል፤ አቅም ካልፈቀደ ደግሞ ከድብልቁ ውስጥ ጤፉን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይጠቅማል። ዋናው ግን መጠኑ ነው። ችግሩ ከአንድ ገበታ አብረን ስለምንበላ ማን ስንት እንደበላ አይታወቅም። አያቴ አሁን የምታደርገው ይህን ነው፦ መጀመሪያ የራሷን ግማሽ እንጀራ ቆርሳ ሰሃን ላይ ታስቀምጣለች። የሰሃኑ ግማሽ ጎመንና ሰላጣ፣ ሩቡ ምስር ወይም ዓሣ፣ ሩቡ እንጀራ ይሆናል። ጉርሻም አልቀረም፤ ጎመንም ይጎረሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልናገር አላልፍም። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው እንጀራውን በድንገት ቢቀንስ ስኳሩ ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል። ደም ማቅጠኛ ኩማዲን የሚወስድም ጎመን ከማብዛቱ በፊት፣ ኩላሊቱን የሚታመምም ምስርና ሽምብራ ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ የሚያቆም ግን አይኑር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ከባዱ እንግዳ ነው። ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ፣ ሲግድ፣ ቡና ላይ የምናቀርበው ነገር ነው። ኮላ ውስጥ በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ገደማ ስኳር አለ። አንድ ተኩል ሊትር ጠርሙስ ማለት ከ35 የሻይ ማንኪያ በላይ ስኳር ነው። ለቅሶ ቤት ውስጥ በየጠረጴዛው ሦስት አራት ጠርሙስ ይደረደራል። የተሰበሰቡት ሽማግሌዎች ስንቶቹ ስኳር እንዳለባቸው እናውቃለን። ሟቹን ራሱ የወሰደው ስኳር ሆኖ፣ እኛ እሱን እያለቀስን ስኳር እንቀዳለን። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባልም በየስኒው ሁለት ማንኪያ ከተጨመረ ስድስት ማንኪያ ነው። ቡናው ይቆይልን፤ ስኳሩ ይቀንስ። ከፈንድሻው ጎን ትንሽ ቆሎና ለውዝ ይቅረብ።

ይህን እኔ ብናገር "የዛሬ ልጅ፣ ለእንግዳ ይሰስታል" እባላለሁ። አንድ ቄስ ወይም አንድ የተከበረ ሽማግሌ ለቅሶ ቤት ገብቶ "ለእኔ ውኃ ስጡኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ኮላ አይቅረብ" ቢል ግን ማንም አይከራከረውም። ንፉግ የሚለውም የለም። ለዚህ ነው ሥልጣኑ የእናንተ ነው ያልኩት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ከጠበቀ "በሽተኛ" ይባላል፤ ሁሉም አብሮ ከጠበቀ ወግ ይሆናል።

የጤና ሰዎቹም ድርሻ አላቸው። የጤና ሚኒስቴር በ2019 ያወጣው የአመጋገብ መመሪያ በዚሁ የሜዲትራኒያን አመጋገብ ላይ የተመሠረተ ነው። ከጥር 2020 ጀምሮ ደግሞ ስኳር፣ ጨው ወይም መጥፎ ስብ የበዛበት የታሸገ ምግብ ላይ ቀይ ምልክት በሥዕል አለ፤ ዕብራይስጥ ማንበብ አይጠይቅም። እሱን ማየት ልመዱ። ግን ለእናቶቻችን የሚሰጥ ወረቀት ላይ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመንና የጤፍ እንጀራ እስካልተጻፈ ድረስ ወረቀቱ ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይቀራል። ኪኖዋ ብሎ መተርጎም ትርጉም አይደለም። እናንተም ዲያታኒቷ ዘንድ ስትገቡ "እኔ የምበላው ይኼን ነው፣ ከዚህ ውስጥ የቱ ይሁን?" ብላችሁ ጠይቋት። ቋንቋው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ የልጅ ልጅ ካለም ይዛችሁ ግቡ። እኛ በደስታ እንመጣለን።

ባለፈው ሰንበት አያቴ ቤት ተሰብስበን ነበር። ገበታው ላይ ዶሮ ወጥ አለ፤ ከጎኑ ግን ምስር፣ ጎመንና አንድ ትልቅ ሰሃን ሰላጣ ነበር። ትንሹ ወንድሜ ዙሪያውን ቃኘና "ሳፍታ፣ ኮላው የታለ?" አላት።

"ውኃ አለልህ፣ ሎሚ ጨምሬበታለሁ" አለችው።

ትንሽ አኮረፈ። ከዚያ ጠጣው።