የንፋስ ወፍጮው ጌጥ አልነበረም

የሆላንድን የጥንት የአገር ገጽ ሥዕሎች የሚያደንቁ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። የሚያደንቁበት ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። «ፋብሪካ ሳይመጣ ሰው ከተፈጥሮ ጋር በሰላም የኖረበት አገር ይህ ነው» ይላሉ፤ ለምስክርነትም የንፋስ ወፍጮውን ይጠራሉ። ይህ ምስክር ግን የሚመሰክረው በራሳቸው ላይ ነው።

ሬምብራንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1641 ዓ.ም. በመዳብ ሰሌዳ ላይ የቀረጸውን ወፍጮ እንመልከት። ይህ ወፍጮ እህል የሚፈጭ አልነበረም። በአምስተርዳም ቅጥር ላይ የቆመ፣ የቆዳ ሠራተኞች ማኅበር ንብረት የሆነ፣ ቆዳ በዓሣ ዘይት የሚለፋበት ነበር። ከክርፋቱም የተነሣ ሕዝቡ «ትንሹ ግማታም ወፍጮ» ይለው ነበር። እንግዲህ ያ የተመሰገነው ንጹሕ አየር ወዴት አለ?

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በ1593 ዓ.ም. ኮርኔሊስ ኮርኔሊስዞን የተባለ ሰው በንፋስ ኃይል እንጨት ለሚሰነጥቅ ወፍጮ የፈጠራ መብት ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ በዛን ወንዝ አካባቢ እንጨት የሚሰነጥቁ፣ ዘይት የሚጨምቁ፣ ወረቀት የሚሠሩ ወፍጮዎች በመቶ ተቈጠሩ። የቤምስተር ሜዳም ቢሆን በ1612 ዓ.ም. በወፍጮ ኃይል ውሃው ተቀድቶ የደረቀ ሐይቅ ነው።

«ታዲያ ሠዓሊው ክርፋቱን ለምን አላሳየንም?» የሚል ይኖራል። ሽታ በመርፌ አይቀረጽም። ነገር ግን የወፍጮ ባለቤት ልጅ የነበረው ሬምብራንት ክንፉንና እንጨቱን ሥራ እንደሚያውቅ ሰው ተጠንቅቆ ቀርጿል። ሥዕሉም ራሱ ሰም በተቀባ መዳብ ላይ ተጭሮ፣ በአሲድ ተበልቶ፣ በማተሚያ ተጨምቆ የወጣ የእጅና የመሣሪያ ሥራ ነው።

ወፍጮው እንደ ጌጥ መታየት የጀመረው ሥራውን ሲቀማ ነው። ከ1849 እስከ 1852 ዓ.ም. የሃርለምን ሐይቅ ያደረቀው የእንፋሎት ሞተር ነው፤ ንፋስ እንደ ቀድሞው አስፈላጊ አለመሆኑ ታወቀ። አላፊ አግዳሚውም ሥራ የፈታውን ወፍጮ «እንዴት ያምራል!» ይለው ጀመር።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፤ ተማሪው በሥዕሉ ፊት ሲቆም «ምን ይሠራበት ነበር? ማንስ ይደክምበት ነበር?» ብሎ እንዲጠይቅ አስተምሩት። ውበት ያለው ሥራ በሌለበት ብቻ ነው ብሎ ያደገ ልጅ፣ ነገ ሹም ሲሆን ሠራተኛውን መናቁ አይቀርም።