ቁልፋችሁ እኛ ጋ ነው

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ማክሰኝት ላይ ወርደን አንድ ሞባይል ቤት ገባን። አንዲት እናት ልጃቸው የላከላቸውን ብር ሊያወጡ መጥተው ስልካቸውን ለባለሱቁ ልጅ አቀበሉት። «እማማ፣ የሚስጥር ቁጥርዎ ስንት ነው?» አላቸው በትሕትና። እሳቸውም ጮክ ብለው ተናገሩ። ሱቁ ውስጥ የነበርን ሁሉ ሰማን። ሳቅንም።

ለመሆኑ ማን ላይ ነው የሳቅነው? የመጀመሪያ የፌስቡክ አካውንታችንን ማን ከፈተልን? የሞባይል ቤት ልጅ! በማን ኢሜይል? በራሱ! ፓስወርዱስ? ስልክ ቁጥራችን!

የባሰውን እንናዘዝ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ እዚያ ያሉ ጓደኞቻችን አዲስ አበባ ላለነው እየደወሉ «ኢሜይሌን ክፈቱልኝ፣ የስኮላርሺፑ መልስ መጥቶ እንደሆነ እዩልኝ» ይሉን ነበር። የዘጠኝ ሰው ፓስወርድ ደብተር ላይ ጻፍን። ኢንተርኔቱ ተመለሰ፤ ደብተሩ ግን እኛው ጋ ቀረ። ሰሞኑን ስንጠይቅ ፓስወርዱን የቀየረው አንድ ብቻ ነው። ሌሎቹ ምን ቢሉን ጥሩ ነው? «ኧረ ተዉን፣ እኛ ምን የምንደብቀው አለን?»

ጠባችን ከዚህች አባባል ጋር ነው።

ወዳጃችን፣ ነገሩ ያንተ ምስጢር ብቻ አይደለም። ቴሌግራምህን የወሰደ ሰው አንተን አይዘርፍም፤ ኪስህ ባዶ መሆኑን ያውቃል። ሪያድ ላለችው እህትህ ባንተ ስም «ሆስፒታል ነኝ፣ ቶሎ ብር ላኪልኝ» ብሎ ይጽፋል። እሷም ታምናለች፤ የምታምነው ግን አንተን ነው። የተበላው የሷ ላብ ነው፤ በሩን የከፈትከው አንተ ነህ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ያሉት አባቶቻችን ይህን አይተው ነው።

እምነት በር መሆኑን ሰላዮችም ያውቃሉ። በ2014 (እ.ኤ.አ.) የቶሮንቶው ሲቲዝን ላብ የኢሳት ሠራተኞች በጣልያኑ ሀኪንግ ቲም የስለላ ሶፍትዌር እንደተነጣጠረባቸው አጋለጠ። መግቢያው ምን ነበር? ተራ ጽሑፍ መስሎ በስካይፕ የተላከ ፋይል! በዓመቱ፣ በሐምሌ 2015 (እ.ኤ.አ.)፣ ራሱ ሀኪንግ ቲም ተሰብሮ 400 ጊጋባይት ያህል ሰነዱ አደባባይ ወጣ። የስለላ ነጋዴ ከተዘረፈ፣ ስልክ ቁጥሩን ፓስወርድ ያደረገ ሰው በምን ይተማመናል?

ጥፋቱን ሁሉ በተጠቃሚው ላይ አንጭንም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሲበላሽ ብዙ ደንበኞች የራሳቸው ያልሆነ ብር አወጡ። ባንኩ ብሩን ያልመለሱትን ስማቸውንና ፎቶአቸውን ለሕዝብ አወጣ። ብሩ ይመለስ፤ ልክ ነው። ግን ለባንክ የሰጠነው ፎቶ የግድግዳ ማስታወቂያ እንዲሆን ማን ፈቀደ? ከሳምንታት በኋላ የተወካዮች ምክር ቤት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አጸደቀ። ጥሩ ነው። አዋጅ ግን የማያስከብረው ካገኘ ወረቀት ነው። መታወቂያችሁን ፎቶ አንስቶ በስልኩ የሚያስቀር ሁሉ «ለምን?» ይባል።

እስከዚያው ግን በራችንን እንዝጋ። በቴሌግራምና በዋትሳፕ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ፤ በኤስኤምኤስ የመጣው ኮድ ብቻውን አያስገባም ማለት ነው። አካውንታችሁ የተከፈተባቸውን ስልኮች ዝርዝር አይታችሁ የማታውቁትን አስወጡ። ለኢሜይል የተለየና ረጅም ፓስወርድ አውጡ፤ ኢሜይላችሁን የያዘ የሌላውንም ሁሉ ፓስወርድ ይቀይራል። ኮድ የሚጠይቃችሁን ሰው፣ «ከባንክ ነው» ቢልም፣ ስልኩን ዝጉበት። እናቶቻችንንም ቁጥሩን በገዛ እጃቸው መምታት እናስተምራቸው፤ ከሳቅ ይሻላል።

የደብተሩን ገጽ ቀደን አቃጥለናል። ቁጥሮቹን ግን ጭንቅላታችን አልረሳም። ስምንታችሁ ሆይ፣ ቁልፉን መልሰናል፤ መቆለፊያውን መቀየር የናንተ ፈንታ ነው። ዛሬ ማታ!