በመሳቢያ የተቀመጠ እምቢታ

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1541 ሻቴልሮ በተባለች የፈረንሳይ ከተማ አንዲት የ12 ዓመት ሙሽራ ሥርዓተ ተክሊሉ ወደሚፈጸምበት ቦታ አልራመድም ብላ ቆመች። ንጉሥ ቀዳማዊ ፍራንስዋ የጦር አበጋዙን ሞንሞራንሲን አንገትጌዋን ይዞ እንዲያደርሳት አዘዘ፤ አደረሳትም። ልጅቷ ዣን ዳልብሬ ናት፤ ለናቫር ንጉሥ በሕይወት የቀረችለት ብቸኛ ወራሽ፣ ለፈረንሳዩ ንጉሥም የእህቱ የማርጌሪት ልጅ። በወርቅና በዕንቁ የተንቆጠቆጠው ልብስ ከብዷት ነው የቆመችው የሚሉ አሉ። እኔ ግን የማምነው ራሷ የፈረመችውን ወረቀት ነው። ዣን የቤቷን ሰዎች በምስክርነት አቁማ፣ ይህን ጋብቻ እንደማትፈልግ፣ በእናቷ ትእዛዝ እንደተገረፈች፣ አዎ ብትል እንኳ ከፍርሃት እንደሆነ አጽፋ ፈርማለች።

ሙሽራው የክሌቭ መስፍን ዊልሄልም በዕድሜ እጥፏ ነበር። ፍራንስዋ የፈለገው ግን ሰውየውን ሳይሆን ከራይን ወንዝ አጠገብ ያለውን ግዛቱን ነው፤ ባላንጣውን ንጉሠ ነገሥት ካርል 5ኛን ከጀርባ የሚወጋበት ወዳጅ ያስፈልገው ነበር። አባቷም ቢሆን የልጁን ልብ አልጠየቀም። እ.ኤ.አ. በ1512 ስፔን የቀማችውን የናቫርን ደቡባዊ ክፍል ለማስመለስ ለካርል ልጅ ለፊሊፕ ሊድራት ያስብ ነበር። የእህቴ ልጅ ያላትም፣ ልጄ ያላትም ያዩት መሬቱን ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1543፣ መስፍኑ በካርል ተሸነፈና ቬንሎ ላይ እጁን ሰጠ፤ ከፈረንሳይ ጋር የነበረውን ወዳጅነትም ካደ። ያኔ የልጅቷ ወረቀት ድንገት ዋጋ አገኘ። ያስገረፈቻት እናት ራሷ ጋብቻው በግድ መፈጸሙን መሰከረች፤ የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 3ኛም እ.ኤ.አ. በ1545 ጋብቻውን ከመጀመሪያው እንዳልነበረ ቆጠሩት። ክርክሬ እዚህ ላይ ነው። በወረቀቱ ላይ የሰፈረው እውነት በአራቱ ዓመታት ውስጥ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የንጉሡ ጥቅም ነው። ዣንን ነፃ ያወጣት እምቢታዋ ሳይሆን ያገባችው ሰው ወገን መቀየሩ ነው።

«ዘመኑ እንደዚያ ነበር፤ በዛሬ ሚዛን አትመዝነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ። እኔም በዛሬ ሚዛን አልመዝነውም፤ የራሳቸው ሚዛን ይበቃል። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ሕግ ጋብቻ በሁለቱ ፈቃድ እንደሚጸና ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ደንግጎ ነበር። ልጅቷ ምስክር ያቆመችው ይህንን ሕግ ተማምና ነው፤ ሮማም የፈረደችው በዚሁ ሕግ ነው። እንዲያውም በሠርጉ ሌሊት ሙሽራው በምስክሮች ፊት ለምልክት ያህል አንድ እግሩን ብቻ አልጋው ላይ አሳርፎ እንዲወጣ ተደርጓል። ሕግ የማያውቅ ሰው ለእንዲህ ያለ ትርኢት ለምን ይደክማል? ድርጊቱ ስህተት መሆኑን ያውቁ ነበር፤ የማስረጃውን ቁልፍ ግን የያዙት ደጋሾቹ ነበሩ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ይላል፦ ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ ሮማ በምን ትፈርድ ነበር? እውነት ነው። በዚህች ዕድሜ እንዲህ ያለ ብልሃት ያስደንቃል፤ ነፃ ወጥታ እ.ኤ.አ. በ1548 አንትዋን ደ ቡርቦንን ስታገባም፣ ወላጆቿ ባይወዱትም፣ እሷ ደስ ብሏት ነበር። ሆኖም መስፍኑ ለፈረንሳይ ታማኝ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ያንን ወረቀት ማን ይከፍተው ነበር?

ይህ ግምት ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየው የልጇ ታሪክ ነው። ዣን በመጨረሻ ዘመኗ፣ እ.ኤ.አ. በ1572፣ የልጇን የሄንሪን ጋብቻ ከዚያን ጊዜው የፈረንሳይ ንጉሥ እህት ከሌላዋ ማርጌሪት ጋር ራሷ ተደራደረች፤ ሠርጉ ሳይደርስም ሞተች። እዚህ ላይ ከእሷ ሌላ ነገር እጠብቅ ነበር። ማርጌሪት ቤተሰቧ አስገድዷት ነው ያገባችው የሚለው ምክንያት ለ27 ዓመት ጋብቻውን አላፈረሰውም። ሄንሪ የፈረንሳይ ንጉሥ ሆኖ፣ አልጋ ወራሽ የምትወልድለት ሌላ ሚስት ባስፈለገችው ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1599 ሮማ ጋብቻውን አፈረሰች፤ ከቀረቡት ምክንያቶችም አንዱ የሙሽራዋ ፈቃድ አለመኖሩ ነበር።