ማሸነፍ አፍ አያስዘጋም

በሴፕቴምበር 3 ቀን 2022 የአይዋ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን በገዛ ሜዳው ሳውዝ ዳኮታ ስቴትን 7 ለ 3 አሸነፈ። የአሜሪካን ፉትቦል የሚከታተል ሰው ሰባት ነጥብ ሲባል አንድ ታችዳውንና (ኳሱን ይዞ ተጋጣሚ የግብ ክልል መግባት) ከእርሱ በኋላ የምትመታዋን አንድ ነጥብ ያስባል። የዚያን ቀን ግን ታችዳውን የሚባል ነገር አልታየም። ሦስቱ ነጥብ በእግር ተመትቶ ከገባ ፊልድ ጎል የመጣ ነው። የቀሩትን አራት ያመጡት ተከላካዮቹ ናቸው፤ ተጋጣሚያቸውን ሁለት ጊዜ በራሱ የግብ ክልል ውስጥ ጥለው ሁለት ሁለት ነጥብ ወሰዱ። ነጥብ ለማምጣት የተመደበው የማጥቃት ክፍል በስድሳ ደቂቃ ያበረከተው ያችን አንዲት ፊልድ ጎል ብቻ ነበር።

ደጋፊው አጉረመረመ። የተመለሰለትም ከዚያ በፊት ለዓመታት ሲሰማው የኖረው መልስ ነው፤ አሸንፈናል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ? እኔ የምሞግተው ይህንን መልስ ነው። ቡድን አሸነፈ ማለት አሰልጣኞቹ ሥራቸውን ሠሩ ማለት አይደለም። ግማሹ የቡድን አካል ለዓመታት ሳይሠራ ሲቀር፣ ያንን ለመናገር ሽንፈትን መጠበቅ የለብንም።

አይዋ በአገሪቱ የሙያተኞች የፉትቦል ሊግ የሚጫወት ቡድን የሌለበት ግዛት ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ቀን አይዋ ሲቲ ወደሚገኘው ኪኒክ ስታዲየም የሚጎርፈው ወደ 69 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ለዩኒቨርሲቲው ቡድን ያለው ፍቅር ሌላ ቦታ የሚከፋፈል አይደለም። ከ2017 ጀምሮ የመጀመሪያው ሩብ ሲያልቅ ስታዲየሙ በሙሉ ፊቱን አጠገቡ ወዳለው የሕፃናት ሆስፒታል አዙሮ፣ በመስኮት ለሚያዩት ታማሚ ልጆች እጁን ያውለበልባል። እንዲህ ያለ ደጋፊ ለትንሽ ነገር የሚያኮርፍ፣ አንድ ሽንፈት ባየ ቁጥር የአሰልጣኝ አንገት ይቆረጥልኝ የሚል አይደለም። አሰልጣኝ ከርክ ፌረንትስን ከ1999 ጀምሮ ታግሶና አክብሮ ያቆየ ሕዝብ ነው። በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ አሰልጣኝ እያባረሩ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር በካሳ የሚከፍሉ ዩኒቨርሲቲዎች በሞሉበት አገር ይህ ትዕግሥት ብርቅ ነው።

ትዕግሥቱ የተፈተነው በ2017 ነው። በዚያ ዓመት የማጥቃት ክፍሉ ኃላፊነት ለከርክ ልጅ ለብራያን ፌረንትስ ተሰጠ። ብራያን ለሥራው እንግዳ አልነበረም። ለአይዋ ተጫውቷል፣ በኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ሠርቷል፣ ከ2012 ጀምሮም የፊት መስመር ተጫዋቾችን አሰልጥኗል። ችግሩ ሌላ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ደንብ ሰው የገዛ ዘመዱን እንዲቆጣጠር ስለማይፈቅድ፣ ብራያን የሚጠየቀው በአባቱ ሳይሆን በስፖርት ዳይሬክተሩ በጋሪ ባርታ ነው ተባለ። በወረቀት ላይ ይህ መፍትሔ ይመስላል። ሜዳ ላይ ግን ዋናው አሰልጣኝ አባት ነው፤ የጨዋታውን አካሄድ የሚወስነው፣ ማን እንደሚሰለፍ የሚያጸድቀው፣ በየሳምንቱ ጋዜጠኛ ፊት ቆሞ የሚከራከረው አባት ነው። ዳይሬክተር ቢሮ ተቀምጦ ሦስተኛው ሙከራ ላይ ምን መጠራት እንደነበረበት ሊፈርድ አይችልም። ሊፈርድ የሚችለው ብቸኛ ሰው ደግሞ በደንቡ መሠረት መፍረድ የሌለበት ሰው ሆነ። እንዲህ ተደርጎ ብራያን በእውነት የማይገመገም ሠራተኛ ሆነ።

ውጤቱ ቀስ እያለ ወጣ። በ2021 አይዋ በኦክቶበር አጋማሽ በአገሪቱ ደረጃ ሁለተኛ ላይ ተቀምጦ ነበር። ያንን ደረጃ ያመጡት የመከላከል አሰልጣኙ የፊል ፓርከር ተጫዋቾች ሲሆኑ፣ ከተጋጣሚ ኳስ እየነጠቁ ራሳቸው ነጥብ ያስቆጥሩ ነበር። ጠንካራ ቡድን ሲመጣ ነገሩ ተገለጠ። በዲሴምበር ኢንዲያናፖሊስ ላይ አይዋ ለሚወዳደርበት ለቢግ ቴን ሊግ ዋንጫ ሚሺጋንን ገጥመው 42 ለ 3 ተሸነፉ። በ2022 በተገኘ ያርድ ሲለካ ቡድኑ ከ131 ቡድኖች 130ኛ ወጣ። በ2023 ከ133 ቡድኖች መጨረሻ ሆነ።

አሁን ወደ ጨዋታ አጠራሩ እንምጣ፤ ደጋፊውን ያንገበገበው እርሱ ነው። በዚህ ጨዋታ አራት ሙከራ ይሰጥሃል፤ በእነርሱ 10 ያርድ መጓዝ አለብህ። አይዋ በመጀመሪያው ሙከራ ኳሱን ይዞ በመሐል ይሮጣል፤ ሁለት ያርድ ያገኛል። በሁለተኛው ያንኑ ይደግማል። በሦስተኛው ስድስት ወይም ሰባት ያርድ ሲያስፈልግ ሦስት ያርድ ርቀት ላይ ለቆመ ሰው ኳስ ይወረውራል። ከዚያ ፐንት፤ ኳሱን በእግር አርቆ መትቶ ለተጋጣሚ ማስረከብ። ኪኒክ ላይ የተቀመጠው የአሥር ዓመት ልጅ የሚቀጥለውን ቀድሞ ይናገራል። ልጁ የሚያውቀውን የተጋጣሚ አሰልጣኝ እንዴት ያጣዋል?

ለዚህ የሚቀርበው ማመካኛ አይዋ ትልልቅ ተሰጥኦዎችን መሳብ አይችልም የሚል ነው። ይህንን ማመካኛ ሁለት ተጫዋቾች ብቻቸውን ያፈርሱታል። ቻርሊ ጆንስ በ2021 ለአይዋ ተጫውቶ በዓመቱ 21 ኳስ ተቀበለ፤ በዋናነት ይታወቅ የነበረው የተመታ ኳስ ይዞ በመሮጥ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በዚያው ሊግ ወደሚወዳደረው ወደ ፐርዱ ተዛወረና 110 ኳስ ተቀብሎ የአገሪቱ አንደኛ ሆነ። ሰውየው አንድ ነው፤ እግሩም እጁም ያው ነው። የተለየው ጨዋታውን የሚጠራለት ሰው ነው። ሁለተኛው ሳም ላፖርታ ነው። በ2022 ለአይዋ 58 ኳስ ተቀብሎ ያስቆጠረው ታችዳውን አንድ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ከዲትሮይት ላየንስ ጋር፣ በዓለም ጠንካራ በሆነው ሊግ፣ 86 ኳስ ተቀበለ፤ በዚያን ጊዜ ታይት ኤንድ በሚባለው ቦታ ለሚጫወት ጀማሪ ክብረ ወሰን ነበር። 10 ታችዳውንም አስቆጠረ። ተሰጥኦው አይዋ ሲቲ ውስጥ ነበረ። ተቀምጦ ባከነ።

በዚህ መሐል አንድ የሚያሳዝን ነገር ተፈጠረ፤ ውድቀቱ መለያ ሆነ። ከሜልበርን የመጣው ቶሪ ቴይለር በእርግጥ ድንቅ ፐንተር ነው። በ2023 ኳስ 93 ጊዜ መትቶ 4,479 ያርድ በማስመዝገብ ከ1938 ጀምሮ የቆየውን የአንድ ዓመት ክብረ ወሰን ሰበረ፤ የዓመቱ ምርጥ ፐንተርም ተባለ። እርሱን ማክበር ተገቢ ነው። ግን 93 ፐንት ማለት አጥቂዎቹ 93 ጊዜ አቅቷቸው ኳስ አስረከቡ ማለት ነው። ፐንት ማድረግ ማሸነፍ ነው የሚል ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት ተሸጠ። ደጋፊው ቲሸርቱን የለበሰው ልጁን ስለወደደው ነው፤ ለአሰልጣኞቹ ግን መሸሸጊያ ሆነላቸው።

ሸክሙን የተሸከሙት ተከላካዮቹ ናቸው። አንዱ በሬ ሲለግም የሌላው አንገት እንደሚላጥ፣ እነዚያ ልጆች አንድ ስህተት እንኳ ሊሠሩ የማይችሉበት ጨዋታ በየሳምንቱ ተጫወቱ። ፊል ፓርከር በ2023 የአገሪቱ ምርጥ ረዳት አሰልጣኝ ተብሎ የብሮይልስ ሽልማትን ሲወስድ፣ ከእርሱ ማዶ ያለው ክፍል ከአገሪቱ መጨረሻ ነበር። እንዲህ ዓይነት መከላከል በየዓመቱ አይገኝም። አንድ ተጫዋች ኮሌጅ የሚቆየው አራት ወይም አምስት ዓመት ነው፤ ካለፈ አለፈ።

ዩኒቨርሲቲው ታዲያ ምን አደረገ? በፌብሩዋሪ 2023 የብራያንን ውል አሻሻለ። ደመወዙ ከ900 ሺህ ወደ 850 ሺህ ዶላር ወረደ፣ ቡድኑም በጨዋታ በአማካይ 25 ነጥብ እንዲያስቆጥርና ቢያንስ ሰባት ጨዋታ እንዲያሸንፍ ግዴታ ተጻፈ። ብዙዎች ይህንን እንደ ቆራጥ እርምጃ አዩት። እኔ ሽሽት እለዋለሁ። በመጀመሪያ፣ ተከላካዮቹ የሚያስቆጥሩትም በ25ቱ ውስጥ ይቆጠር ነበር፤ ስለዚህ መለኪያው ሊለካው የተፈለገውን ሥራ አልለካም። ሁለተኛ፣ የአሰልጣኝን ሥራ የመገምገም ኃላፊነት ያለባቸው ሰዎች ፍርዳቸውን ለሒሳብ ማሽን አስረከቡ። የስድስት ዓመት ሥራ ዐይናቸው ፊት ነበር። ተመልክተው ይቀጥል ወይም ይብቃ ማለት ይችሉ ነበር። ልጁንም ቢሆን ጎዱት፤ በየሳምንቱ አንድ አገር ነጥቡን እየደመረ የሚያየው ሰው አደረጉት።

በ2023 ኦክቶበር 15 በዚያው በኪኒክ ስታዲየም 55,646 ሰው ኬትሊን ክላርክ ያለችበትን የዩኒቨርሲቲውን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ለማየት ተሰበሰበ፤ በሴቶች ቅርጫት ኳስ ታሪክ ከዚያ በፊት ያልታየ የተመልካች ብዛት ነበር። አሰልጣኝ ሊሳ ብሉደር በፍጥነትና በድፍረት የሚያጠቃ ቡድን ሠርተው ነበር፤ ሕዝቡም ሆ ብሎ መጣ። ስለዚህ የአይዋ ሰው የሚወደው ቁጥብና ቀዝቃዛ ጨዋታ ነው የሚለው አባባል እውነት አይደለም። ከስድስት ቀን በኋላ በዚያው ሜዳ የፉትቦሉ ቡድን በሚኒሶታ 12 ለ 10 ተሸነፈ። መጨረሻው ላይ ኩፐር ዲጂን ፐንት ይዞ ሮጦ ያስቆጠረው ታችዳውን በዳኞች ስለተሰረዘ ሕዝቡ በዳኞቹ ላይ ጮኸ። ቁጣው ይገባኛል። ነገር ግን በዚያ ጨዋታ ሁለተኛ አጋማሽ አይዋ በማጥቃት ያገኘው 12 ያርድ ነው። ግማሽ ጨዋታ ሙሉ 12 ያርድ የሚጓዝ ቡድን ዕጣውን በአንድ ዳኛ ፊሽካ ላይ የጣለው ራሱ ነው።

እዚህ ላይ ለደጋፊውም የምለው አለኝ። በእነዚያ ዓመታት ጩኸቱ ብዙ ጊዜ የወደቀው ማጥቃቱን ሜዳ ላይ በሚመሩት በኳርተርባኮቹ ላይ ነው፤ በስፔንሰር ፔትራስ፣ ኋላም ኬድ ማክናማራ ሲጎዳ በተካው በዲከን ሂል ላይ። እነዚህ የተጠራላቸውን ጨዋታ የሚጫወቱ ተማሪዎች ነበሩ። ዋናው አሰልጣኝ በዓመት 7 ሚሊዮን ዶላር ያገኙ ነበር። በሃያና በሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ላይ መጮህ ነውር ነው፤ ጥያቄው ወደሚከፈለው ሰው መሄድ አለበት።

በኦክቶበር 30 ቀን 2023 ባርታን ተክተው በጊዜያዊነት ይሠሩ የነበሩት ቤት ጌትስ፣ ብራያን ከውድድር ዘመኑ በኋላ እንደማይቀጥል አስታወቁ። ቡድኑ በ14 ጨዋታ በአማካይ 15.4 ነጥብ ይዞ ጨረሰ። ቢሆንም 10 ጨዋታ አሸንፏል፤ የአሸናፊነት ተሟጋቾችም ይህንን ቁጥር እስከ ዛሬ ያነሳሉ። በተለይ ቲም ሌስተር ሥራውን በተረከበበት በ2024 አማካዩ ከ27 ነጥብ በላይ ቢደርስም ድሉ ወደ 8 ወርዷልና፣ አያችሁ፣ ነጥብ ብቻውን አያሸንፍም ይላሉ።

ክርክሩ ቁም ነገር ስላለው በቁም ነገር ልመልሰው። በ2023 ከተገኙት ድሎች መካከል 10 ለ 7፣ 15 ለ 13፣ 13 ለ 10 የሚሉ አሉ፤ ደካማ በነበረው በቢግ ቴን ምዕራብ ምድብ ውስጥ የተገኙ። ያ ምድብ በ2024 ቀርቷል፤ ዲጂንና ቴይለርም ወደ ሙያተኞች ሊግ ሄደዋል። ከጠንካሮቹ ጋር የተደረጉትን ደግሞ እንያቸው። ፔን ስቴት 31 ለ 0። ሚሺጋን ለዋንጫው 26 ለ 0። ቴነሲ በአዲስ ዓመት ቀን 35 ለ 0። ሦስቱ ሲደመሩ 92 ለ 0 ነው። ያ ቡድን ምንም ያህል ቢከላከል ታላቅ ቡድን ፊት ሲቆም የሚያሸንፍበት መንገድ አልነበረውም። በ2024 ደግሞ በቀደመው ዓመት ጉዳት ጭምር አስቸግሮት የነበረው ሯጩ ኬሌብ ጆንሰን 1,537 ያርድ ሮጦ 21 ታችዳውን አስቆጠረ፤ የታችዳውኑ ብዛት በዩኒቨርሲቲው ታሪክ በአንድ ዓመት በሩጫ ከተቆጠሩት ሁሉ የሚበልጥ ነው። ዋናው አሰልጣኝ እኚያው ከርክ ፌረንትስ ነበሩ። የሩጫ ፍቅራቸውም አልተለወጠም። አዲስ የመጣው ሩጫውን በዘዴ የሚጠራ፣ በሥራውም የሚጠየቅ ሰው ነው።

ከርክ ፌረንትስ በ2025 የቀድሞውን አሰልጣኝ የዉዲ ሄይስን የቢግ ቴን የድል ክብረ ወሰን አልፈዋል፤ ክብሩ ይገባቸዋል። የዚህ ጉዳይ ተጠያቂነት ግን ከእርሳቸውና ልጃቸውን ከሾመላቸው ዩኒቨርሲቲ አይወርድም። ውሳኔው የተሰጠው በኦክቶበር 2023 ነው፤ ማስረጃው ኢንዲያናፖሊስ ላይ በዲሴምበር 2021 ለሁሉም ታይቶ ነበር። በመካከል ያሉት ሁለት የውድድር ዘመናት የፊል ፓርከር ተከላካዮች የተጫወቱባቸው ናቸው፤ ለእነዚያ ልጆች የሚመልስላቸው የለም።