ጳጉሜን የማያውቅ ሶፍትዌር

«የውጭ ሶፍትዌር ለእኛ አይሆንም፣ ሁሉን ራሳችን እንሥራው» የሚሉ አሉ። «ሁሉም ተሠርቶ አልቋል፣ ገዝቶ መግጠም ነው» የሚሉም አሉ። በእኔ እምነት ሁለቱም ተሳስተዋል።

የባንክ፣ የጡረታ ወይም የግብር ሥርዓትን የሚያህል ሶፍትዌር ከዜሮ አይጻፍም፤ ይገጣጠማል። ኦብጀክት ኦሪየንትድ የሚባለው የፕሮግራም አጻጻፍ አንዱ ትልቅ ጥቅም ይኸው ነው። «ደንበኛ»፣ «ሂሳብ»፣ «ቀን» እያልን እያንዳንዱን ከነመረጃውና ከነሥራው ለብቻው እናዘጋጃለን። አንዴ በደንብ የተሠራው ሌላ ቦታም ያገለግላል። ቤት የሚሠራ ሰው ብሎኬት ከማምረት አይጀምርም።

ችግሩ ግን እያንዳንዱ ብሎኬት የሠሪውን ግምት ይዞ ይመጣል። «ቀን»ን እንውሰድ። ከጃቫ ጋር አብሮ የሚመጣው የቀን መሣሪያ የጃፓንን፣ የታይላንድንና የሂጅራን አቆጣጠር ያውቃል፤ የእኛን አያውቅም። ዓመት 12 ወር ነው ብሎ የተጻፈ የወለድ ስሌት ጳጉሜን የት ያድርጋት?

እዚህ ላይ ፕሮግራመሩ «እኔው እጽፈዋለሁ» ቢል ሌላ ጣጣ ነው። አዲስ ዓመት ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ይውላል ብሎ ከጻፈ፣ እንደ 2015 ዓ.ም. ጳጉሜ 6 ስትሆን አዲሱ ዓመት ወደ 12 ስለሚዞር ስሌቱ በአንድ ቀን ይዛነፋል። የሚያስቆጨው ደግሞ ትክክለኛው አካል ተሠርቶ በነፃ መቀመጡ ነው። የዩኒኮድ አይሲዩም ሆነ ጆዳ ታይም የተባሉት የኮድ ስብስቦች የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይዘዋል።

ዝግጁውን ሳይፈትሹ መግጠምም ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 አሪያን 5 ሮኬት በተነሣች በ40 ሰከንድ ገደማ ፈነዳች። ከአሪያን 4 የተወረሰ የሶፍትዌር ክፍል ነበራት። የአዲሷ ሮኬት የአግድም ፍጥነት ከፍ ሲል ቁጥሩ ከተመደበለት ቦታ በላይ ሆነና አቅጣጫ የሚለካው ሥርዓት ቆመ። ኮዱ አሪያን 4 ላይ በደንብ ሠርቷል፤ በአሪያን 5 የበረራ መስመር ግን አልተፈተነም ነበር።

ስለዚህ ትልቅ ሥርዓት የሚያሠራ መሥሪያ ቤት ብሎኬቱን ከየትም ያምጣ፤ ፈተናውን ግን ራሱ ያውጣ። ጳጉሜ 6 የተወለደ ሰው ይመዝገብ። ሐምሌ 1 የሚጀምር የበጀት ዓመት ይዘጋ። የቤተሰብ መጠሪያ የሌለው፣ በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም የሚጠራ ደንበኛ ሂሳብ ይክፈት። ይህን ላላለፈ ሶፍትዌር የመጨረሻው ክፍያ እንደማይለቀቅ ውሉ ላይ ይጻፍ። ካልሆነ የአንድ ቀን ስህተቱን የሚከፍለው ጡረተኛውና ተበዳሪው ነው።